ለሻጯ የተሰጠ ምጽዋት
ደብረ ማርቆስ፣ እኛ ሰፈር ዳቦ ቤት ውስጥ የምትሸጠው ትርንጎ ዳውን ሲንድሮም ያለባት ወጣት ናት። አንድ ጠዋት ከፊቴ የተሰለፉ ሽማግሌ ተራቸው ሲደርስ ፊቷን አዩና ሃምሳ ብር እጇ ላይ አድርገው፣ «እግዜር ይማርሽ» ብለው ዳቦ ሳይወስዱ ሊወጡ ዞሩ። ትርንጎ ዳቦ ይዛ ሮጠችና በሩ ላይ ቆመችባቸው።

«አባባ፣ ዳቦዎን!»

«ምጽዋት ነው ልጄ፤ ዳቦውን ተይው።»

«ለምኜዎታለሁ?» አለች ተቆጥታ። ከኋላዬ አንዱ፣ «ተቀበያቸው እንጂ፣ ለጽድቅ ብለው ነው» ሲል ደሜ ፈላ። ዞሬ፣ «ታዲያ ለምን ላንተ አይሰጡህም?» አልኩት።

ሽማግሌው አቀርቅረው ዳቦውን ተቀበሉ። «እንግዲያው ሁለት ጨምሪልኝ» አሉ።

ትርንጎ ግን ንዴቷ አልበረደም። «ይሰለፉ!» አለቻቸው።

ሄደው ከሁላችንም ኋላ ቆሙ።