የጎረቤት ልጅ ሽጉጥ

ታክሲያችን ከጀሞ ሲነሳ ከኋላዬ የተቀመጡ ሁለት ሴቶች ያወራሉ።

«የጎረቤቴን ልጅ ጉድ ሰማሽ? አጎቱ የላከለትን የፕላስቲክ ሽጉጥ ይዞ ከደረጃው ብቅ ሲል፣ የኮንዶሚኒየሙ ጥበቃ የእውነት መስሎት ጠመንጃውን አቀባበለበት።»

«በስመ አብ። ተኮሰ?»

«እናትየው ጮኻ አስቆመችው።»

«ተመስገን በይ።»

«እሱማ ተመስገን። ግን ብሎኩ በሙሉ እንኳን አተረፈልሽ ሊላት ሲጎርፍ ሰነበተ። የኔ ልጅ እጁ ሲሰበር ማን መጣ?»

«እኔ መጥቻለሁ።»

«አንቺ ብቻ። አሁን ደግሞ እንደሱ ካልገዛሽልኝ ብሎ እህል አልቀምስ አለኝ።»

«እና?»

«ገዛሁለት። ይኸው፣ እንዲያውም የኔው ይበልጣል። ከእውነተኛው አይለይም።»

«ጥበቃው ያው ሰውዬ አይደለም እንዴ?»

«እሱ ራሱ ነው። ልጄ ግን ከማን ያንሳል?»

ከጀርባዬ ፌስታል ሲንኮሻኮሽ ሰማሁ፤ ለቡ ደርሼ እስክወርድ ድረስም አንገቴን አላዞርኩም።