የተረፈችው ብሎን

ጋሽ ተሰማን ሳስብ ትዝ የምትለኝ አንዲት ብሎን ናት። በደርግ ጊዜ ልደታ፣ እሳቸው ጋራዥ ውስጥ መካኒክ ነበርኩ። የአሜሪካን መኪና ሞተር ፈተን ስንገጥም ሁሌ ሁለት ሦስት ብሎን ይተርፈናል፤ እሳቸው ጣሳ ውስጥ ወርወር ያደርጉታል፣ መኪናውም ይነሳል። አንድ ቀን ከጃፓን ፒክአፕ አንዲት ብሎን ተረፈች፤ እንደ ልማዳችን ጣሳ ገባች። በማግስቱ ባለቤቱ መኪናውን አስጎትቶ መጣ።

ሞተሩን እንደገና ስንፈታ ዋልን። ጋሽ ተሰማ ብሎኗን መዳፋቸው ላይ አድርገው «አሜሪካኑ እንደምንሳሳት አውቆ አትርፎ ነው የሚሠራው፤ ጃፓኑ ግን አምኖን ነበር» አሉ። ከዚያ ወዲያ አሮጌ ጋቢያቸውን አንጥፈው ብሎኑን በተፈታበት ተራ መደርደር ጀመሩ። ጋራዡ ዛሬ የለም። እኔ ግን ሬዲዮ እንኳ ስፈታ መጀመሪያ ጨርቅ አነጥፋለሁ።