የተከለለው ኮረብታ ሣር

አቶ ተካ ከአኖ ከተማ ወጣ ብሎ ካለው ኮረብታ ሥር ቆመው የእሾህ አጥሩን በገጀራ ሊከፍቱ ሲሉ፣ ከነቀምቴ የመጣ ሚኒባስ ከኋላቸው ቆመና ፌኔት ወረደች። ፌኔት የወረዳው የተፈጥሮ ሀብት ባለሙያ ናት። ዕድላቸው ከሰው ሁሉ መርጦ እሷን ጣለባቸው።

«አካም ኦልተን፣ ጋሽ ተካ?» አለች ጎንበስ ብላ፤ እንዴት ዋሉ ማለቷ ነው።

«ነጋ፣ ኢንተላ ኮ፤ ደኅና ነኝ፣ ልጄ» አሉና ስለ እናቷ ጤና፣ ስለ መንገዱ አቧራ አከታትለው ጠየቁ። እጅ ከፍንጅ የተያዘ ሰው ሰላምታው ይረዝማል። ከጎናቸው የቆመችው ላም ግን ምስጢሩን አልደበቀችላቸውም፤ አንገቷን ወደ አጥሩ አስግጋ ነበር። ልትወልድ ተቃርባለች፤ የካቲት ነውና የግጦሹ ሜዳ ተላጭቷል። አጥሩ ውስጥ ያለው ሣር ደግሞ ጉልበት ይደርሳል። ላሟ በዚህ አቅሟ ከወለደች ወተት የላትም፤ የልጅ ልጃቸው ማሂም የምትጠጣው አይኖራትም።

ፌኔት አልተቆጣችም። ይህ ደግሞ ይበልጥ አናደዳቸውና የሆዳቸውን ዘረገፉት።

«መንግሥት ለዛፍ ሲያዝን አይቻለሁ፤ ለላሜስ የሚያዝን ማን ነው? በየክረምቱ በመኪና መጡ፣ ተከሉ፣ ፎቶ ተነሡ፣ ሄዱ። ችግኙን ከብት በላው። በዓመቱ ደግሞ እዚያው ጉድጓድ ላይ! የሞኝ ዘፈን ሁልጊዜ አበባዬ አይደለም እንዴ? ከጥቂት ዓመት ወዲህ ደግሞ አጠራችሁት፤ ነገ ዘበኛ ታቆሙብናላችሁ።»

«እውነትዎን ነው» አለች ፌኔት። «ችግኝ መትከል እንጂ ማሳደግ ሥራችን አይመስለንም ነበር። ኮረብታው የሁሉም ስለ ነበር የማንም አልነበረም። አሁን ግን ዘበኛ አላቆምንም፤ ከሥሩ ለሚኖሩት ሰዎች በማኅበር አደራጅተን ሰጠናቸው። ሣሩን በተራ ያጭዳሉ፣ ቀፎ የሰቀለ ማሩን ይቆርጣል፣ ደንቡንም ያወጡት ራሳቸው ናቸው። ሰው ቅጣት ፈርቶ የሚጠብቀው ዛፍ፣ የቀጪው ፊት ዞር ሲል ይቆረጣል። የሚጠቅመውን ግን ሌሊትም ይጠብቀዋል።»

አቶ ተካ ገጀራቸውን ዝቅ አደረጉ። ነገሩ ያኔ በስብሰባ ሲነገር «የመንግሥት ወሬ ነው» ብለው ቤታቸው የቀሩት እሳቸው ነበሩ። ያልደከሙበትን ሣር እንዴት ይጠይቁ? ፌኔት ግን ማኅበርተኞቹ በማግስቱ እንደሚሰበሰቡ ነግራ፣ ልጅ ካላለቀሰ ጡት አይሰጠውም ብላ ተሰናበተቻቸው።

በማግስቱ ሄዱ። የማኅበሩ ሰብሳቢ ጋሩማ ሲያያቸው ፊቱ ጠቆረ። አጥር ሲታጠር ጋሽ ተካ ከመንገድ ዳር ቆመው ይስቁባቸው እንደ ነበር ለሰዉ አስታወሰ፤ ውሸት አልነበረም። ሰዉ ሁሉ ወደ ፌኔት ዞረ። እሷ ደንቡ የእናንተ ነው፣ ከቢሮ የሚመጣ ትእዛዝ የለም ብላ ቁጭ አለች። የተማረ ሰው ሥልጣን እያለው ዝም ማለት ሲችል ማየት ደስ ይላል።

አቶ ተካ ባርኔጣቸውን አወለቁ። «ትናንት አጥራችሁን ልቆርጥ ነበር። ዛሬ ልለምን መጣሁ» አሉ።

በዚያን ቀን የማጨድ ተራ የደረሳት የሺአረግ የምትባል ባልቴት ተነሣች። «የእኔ ላም ሳምንት ትታገሣለች፤ ምጥ ግን ቀጠሮ አይሰጥም። እሳቸው ይጨዱ» አለች።

ጋሩማም ወደ ሰዉ ዞሮ፣ «በክረምቱ የችግኝ ጉድጓድ ከእኛ ጋር ከቆፈሩ፣ ተራ ይኑራቸው» አለ። ሰዉም አጸደቀ።

አቶ ተካ እያጨዱ ሽቅብ ወጡ፤ ዓይን አይቶ ልብ ይፈርዳል። ወትሮ ገና በጥር የሚደርቀው ምንጭ እየፈሰሰ ነበር። በየክረምቱ በማሳቸው ላይ ደለል ያለብስ የነበረውን ጎርፍ ማኅበርተኞቹ የሠሩት እርከን ይዞታል፤ ዋንዛውና ጥቁር እንጨቱ የሰው ቁመት አልፈዋል። መንግሥት ብቻውን ቢለፋ ይህን አያደርግም ነበር። ሕዝቡም ብቻውን አልሞከረውም። ያዋጣው አንዱ ሌላውን ማመኑ ነው፤ አቶ ተካም ያመኑት ይህንኑ ነው።

ሸክማቸውን ደጃፍ ላይ ሲያወርዱ ምራታቸው ሸዋጌጥ ደንግጣ ወጣች። «ዘበኛ አልያዘዎትም እንዴ፣ አባባ?»

«ዘበኛ የለም» አሉ አቶ ተካ፣ ላሟ ፊት ሣሩን እየበተኑ። «ጎረቤቶቼን ጠየቅሁ። ከክረምት ወዲያ ደግሞ እኔንም የሚጠይቀኝ ሰው ይኖራል።»