ማሰሪያው እስኪደርስ

ጡረታ የወጡት የእንግሊዝኛ መምህር ያን ቀን ፎቶ ኮፒ ቤት የሄዱት የጡረታ መታወቂያቸውን ኮፒ ለማስደረግ ነበር። ሰው ፍለጋ ነው ብትሏቸው ይቆጧችኋል። እውነቱ ግን መታወቂያው ባለፈው ሳምንትም ኮፒ ተደርጓል፤ ኮፒው መሳቢያ ውስጥ ተኝቷል። ሚስቱ የሞተችበት፣ ልጁ ሩቅ ያለችበት ሰው ወረፋ መቆምን የመሰለ ጨዋታ ከየት ያገኛል? ከፊት ያለው «ዛሬ ደግሞ መብራት እንዳይሄድ» ይላል፣ እሳቸው «እሱስ አይታወቅም» ይላሉ፤ ለዕለቱ ይበቃል።

ተማሪዎቻቸው ያወጡላቸው ስም «አራት ነጥብ» ነው። ሰው መናገር ጀምሮ አንድ ነገር ከሳተ ጠረጴዛውን ጠበቅ አድርገው መትተው «አራት ነጥብ! እዚያው ቁም!» ስለሚሉ ነው። ስሙን ያውቁታል፤ እንደማያውቁ ሆነው ዕድሜያቸውን ፈጁ እንጂ።

ከፊታቸው የቆመችው ወጣት ሴት አንድ ክምር ወረቀት ባንኮኒው ላይ አስቀመጠች። መምህሩ ዓይናቸውን ጣል ቢያደርጉ ከላይ ባለው ወረቀት ላይ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ጥያቄ፣ ከሥሩም የአንድ ተማሪ መልስ አዩ። መልሱ ወደ እኛ ቋንቋ ሲመለስ «ስለታመምኩ» የሚል ብቻ ነው፤ ከዚያ ነጥብ። እጃቸው ሳያማክራቸው ደረት ኪሳቸው ገባ፤ ቀይ እስክሪብቶ ይዞ ወጣ፤ የሰውን ወረቀት ከዳር እስከ ዳር ሰረዘው።

«እንዴ! ምን ዓይነት…» ብላ ወጣቷ በቁጣ ዞረች። ዞራም ፊቷ ተለወጠ። «ቲቸር! እርስዎ ነዎት? እኔ እኮ ከኋላ መስኮቱ ጋ እቀመጥ የነበርኩት ነኝ። ጤናዎ እንዴት ነው?»

«ጤናዬስ ደህና ነው። የታመመው ይኼ ወረቀት ነው» አሉ መምህሩ። «ለመሆኑ አንቺም አስተማሪ ሆነሽ ነው?»

«አዎ፣ ከሰዓት በኋላ አዋቂዎችን አስተምራለሁ። ሾፌር አለ፣ ልብስ ሰፊ አለች፣ የጥበቃ ሠራተኛም አለ።»

«ታዲያ እስቲ ንገሪኝ፤ የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር የሚገነባበት ክሎዝ ስንት ዓይነት ነው?»

ወጣቷ ሳታስበው እንደ ተማሪ ቀጥ ብላ ቆመች። «ሁለት ነው፤ ራሱን የቻለና ጥገኛ። ራሱን የቻለው ብቻውን ቆሞ ሙሉ ሐሳብ ይሰጣል። ጥገኛው ባለቤትም ግሥም እያለው ብቻውን አይቆምም፤ ሌላውን ይደገፋል።»

«ጥገኛውስ ምን ምን ይሠራል?»

«‹እንደምትመጣ አውቃለሁ› ስንል፣ ‹እንደምትመጣ› የስምን ቦታ ይይዛል። ‹ትናንት ያየሁት ሰው› ስንል፣ ‹ትናንት ያየሁት› ሰውየውን ይገልጻል፤ ቅጽል ነው። ‹ስለታመምኩ ቀረሁ› ስንል ደግሞ ‹ስለታመምኩ› ለምን እንደቀረን ይናገራል፤ የተውሳከ ግሥ ሥራ ነው።»

«ጎሽ! ታዲያ ‹ስለታመምኩ› ብሎ ነጥብ ማድረግ ምን ይባላል?»

«መልስ ይባላል፣ ቲቸር።»

ወረፋው ሳቀ። መምህሩ አልሳቁም።

«ጥያቄውን ያንብቡት እስቲ» አለች ለስለስ ብላ። «‹ትናንት ለምን ቀረህ?› ይላል። ግማሹን ጠያቂው ተናግሮታል፣ ግማሹን መላሹ ሞላው። ፈተና ላይ ቢሆን እኔም አርመዋለሁ። ይኼ ግን ሁለት ሰዎች ሲነጋገሩ የተባለ ነው።»

«እናንተ ሰዎች፣ ትምህርት ቤቱን ወደ ውጭ አድርጉልኝ!» አለ ባለ ፎቶ ኮፒው። ከበሩ አጠገብ ያለው አግዳሚ ላይ ሄደው ተቀመጡ። ይህ ክርክር ለመምህሩ ስድብ ቢመስልም፣ ከወራት ወዲህ ሰው አጠገባቸው ሲቀመጥ የመጀመሪያው ስለነበረ አግዳሚው እንዲሰፋላት ጠጋ አሉላት።

«እኔ በማረም ነው ሰው ያደረግኋችሁ» ብለው ጀመሩ። «የዛሬ አስተማሪዎች ነገራችሁ ሁሉ ይለፍ፣ ይለፍ ነው።»

«ይለፍ አላልኩም። ወረፋውን ይጠብቅ ነው ያልኩት። መጀመሪያ ሰውየው ይጨርስ። ከዚያ ታምሞ ከነበረ ‹እግዜር ይማርህ› ይባል። ሰዋስዉ ከዚያ ይምጣ። አሁን ያንን በሽተኛ ማን ‹እግዜር ይማርህ› አለው? እርስዎ በቀይ ሰረዙት።»

«ስሕተት እያየሁ ዝም ልበል?»

«ቲቸር፣ አይክፋዎትና ልናገር። እጃችንን አቀኑልን፤ ውለታዎን አንረሳም። አፋችንን ግን ዘጉት። እኔ የክሎዙን ዓይነት ሁሉ በስም በስሙ እያወቅሁ፣ አንድ እንግዳ በእንግሊዝኛ ‹እንዴት ዋልሽ?› ሲለኝ ላብ ያጠምቀኝ ነበር። ‹አራት ነጥብ!› የሚል ድምፅ ይመጣብኛል። ተማሪዎቼ ግን እየተሳሳቱም ያወራሉ፣ ሲያወሩ ይለምዳሉ፣ ከለመዱ በኋላ ሲታረሙ አይደነግጡም።»

መምህሩ ቀዩን እስክሪብቶ ወደ ኪሳቸው መለሱት። እሷም ነገሩን ለማብረድ ብላ «ልጅዎስ እንዴት ናት?» አለቻቸው።

ሆድ ይፍጀው ብለው የያዙት ነገር ነበር፤ ግን ሆድም ብቻውን ሲሆን አይችልም።

ነገሩ እንዲህ ነው። በቤታቸው፣ ሚስታቸው በሕይወት እያለችም ጭምር፣ ገበታ ላይ የሚወራው በእንግሊዝኛ ነበር፤ ለልጅቷ ልምምድ ተብሎ። ልጅቷ አድጋ ሩቅ ከተማ መድኃኒት ቤት ስትቀጠርም የእሑዱ ስልክ በእንግሊዝኛ ቀጠለ። አንድ ጊዜ ግን እሑድ ባልሆነ ቀን ደወለች። «ከሥራ ስመለስ…» ብላ በእንግሊዝኛ ጀመረች። የግሡ ጊዜ ልክ አልነበረምና አቋረጧት። እንደገና ጀመረች፤ እንደገና አቋረጧት። ከዚያ በገዛ ቋንቋዋ «ተወው አባዬ» ብላ ስልኩን ዘጋች። ከዚያ ወዲህ እሑድም የለ፣ ስልክም የለ።

«ለአንድ ግሥ ሰው ይኮርፋል?» አሉ መምህሩ። «እኔ አልደውልም ብያለሁ፤ ብያለሁ ነው። ‹የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ› ይባል የለ?»

«ኧረ ቲቸር! ክፉ አይናገሩ! ይኼ ተረት የሚያምረው ሰው ቤት ሆኖ ሲሰሙት ነው። ይልቅ ምን ልትልዎ ነበር?»

«የግሡን ጊዜ ኃላፊ ማድረግ ሲገባት…»

«ጊዜውን አልጠየቅሁም፤ ነገሩን ነው። ከሥራ ስትመለስ ምን ሆነች?»

መምህሩ አፋቸውን ከፈቱ። የትኛው ግሥ እንደተበላሸ፣ የቱ ጋ እንደተደናቀፈች፣ ሁሉንም ያስታውሳሉ። ልጃቸው ምን ሆና እንደደወለች ግን አያውቁም። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ አለማወቃቸውንም አላወቁም ነበር። አንባቢ ሆይ፣ ስንቶቻችን ነን የሰውን ጭንቅ ሰምተን አነጋገሩን ብቻ ይዘን ወደ ቤት የገባን!

ወጣቷ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «በእኛ ቋንቋ ማሰሪያ አንቀጹ፣ ማለት ዋናው ግሥ፣ መጨረሻ ላይ ነው የሚመጣው። እናቴ ‹ያ ትናንት በራችን ላይ ቆሞ የነበረው ልጅ እህትሽን…› ብላ ከጀመረች፣ አገባት ይሁን ሰደባት የምናውቀው እስክትጨርስ ጠብቀን ነው። መጠበቅን ያስተማረን የራሳችን ቋንቋ ነው። የሰው ቋንቋ ልንማር ስንሄድ እሱን ቤት ጥለነው ሄድን።»

«እኔ እኮ ከማረም በቀር ሌላ አላውቅም» አሉ መምህሩ ቀስ ብለው። «ሳላርማት ምን እላታለሁ?»

«‹ከዚያስ?› ይበሏት። እሱ ይበቃል።»

መምህሩ መታወቂያቸውን ኮፒ ሳያስደርጉ ወደ ቤት ገቡ። ከጠረጴዛው ግራና ቀኝ ሁለት ወንበሮች አሉ፤ ሚስታቸው ከሞተችና ልጃቸው ከራቀች ወዲህ አንዱ ወንበር ላይ ከጋዜጣ በቀር ማንም ተቀምጦበት አያውቅም። ስልኩን አነሡ፣ አስቀመጡ፣ ደግሞ አነሡ።

«ሄሎ?» አለች ልጃቸው። ቀጥላም እንደ ድሮው በእንግሊዝኛ፣ እያንዳንዱን ቃል እየመዘነች ሰላምታ ሰጠች። ያ መጠንቀቅ መምህሩን ልባቸው ላይ ወጋቸው።

«በፈለግሽው ቋንቋ ተናገሪ፣ ልጄ። ያን ቀን ‹ከሥራ ስመለስ› ብለሽ ጀምረሽ ነበር። ከዚያስ?»

ልጅቷ ልማድ ሆኖባት በእንግሊዝኛ ጀመረች፤ ያው ግሥ በዚያው ቦታ ተበላሸ። የመምህሩ እጅ ወደ ኪስ ሄደ። መንገድ ላይ ያዙት። ልጅቷ ቃሉን እንደሳተች ገብቷት ቆም አለች፤ «አራት ነጥብ» የሚለውን ትጠብቃለች። ዝም አሉ። ያኔ ነገሩ በገዛ ቋንቋዋ ፈሰሰ።

«ያን ቀን መድኃኒት ቤቱ ሊዘጋ ነው ብለው አሰናበቱን። ከሥራ ስመለስ መንገድ ላይ እያለቀስኩ ነበር። ሻንጣዬን ሁሉ አዘጋጅቼ ነው የደወልኩልህ። ከፈለግኸኝ ቤት መጥቼ ካንተ ጋር ልኖር…»

«ነይ! ነይ እንጂ! ዛሬውኑ ነይ!» ብለው መምህሩ ብድግ አሉ።

«አባዬ» አለች ቀስ ብላ፣ «አልጨረስኩም።»

ተቀመጡ።

«ልኖር ፈልጌ ነበር። ስታቋርጠኝ፣ እዚያ ቤት ሳልታረም የምቀመጥበት ቦታ የለም ብዬ ተውኩት። ሻንጣውን ፈታሁት። አሁን ሌላ ሥራ ይዣለሁ፤ ከአንዲት የሥራ ባልደረባዬ ጋር ቤት ተከራይተናል። ደህና ነኝ። አሁን አልመጣም፣ አባዬ።»

መምህሩ ባዶውን ወንበር አዩት። አንድ ዓረፍተ ነገር ታግሠው ቢሆን ኖሮ ልጃቸው ዛሬ እዚያ ላይ ተቀምጣ ነበር። «ይቅር በይኝ» አሉ፤ ድምፃቸው እንዳይሰበር ጉሮሯቸውን ጠራርገውም «ከዚያስ?» አሉ።

ልጅቷ ሳቀች፣ አለቀሰችም። ከዚያ ስለ አዲሱ ሥራዋ፣ ስለ ባልደረባዋ ኩርፊያ፣ ስለሚያንጠባጥበው ቧንቧ፣ ሁሉንም ዘረገፈችው። ስልኩ ጆሯቸው ላይ እስኪግል ድረስ ሰሙ። ፈቃድ ሲሰጣት ልትጠይቃቸው እንደምትመጣ ነገረቻቸው፤ እሑድም እንደምትደውል።

እነሆ መምህሩ ዛሬ ዛሬ ከሰዓት በኋላ በቀድሞ ተማሪያቸው ክፍል ከኋላ መስኮቱ ጋ ይቀመጣሉ። የጥበቃ ሠራተኛው በእንግሊዝኛ ሲደናቀፍ «ከዚያስ?» ይሉታል፤ ሰውየውም ይቀጥላል። ቀዩ እስክሪብቶ የሚወጣው ሁሉም ከተናገረ በኋላ፣ ወረቀት ላይ ብቻ ነው፤ ያኔ ጥገኛው ክሎዝ ራሱን ከቻለው ጋር እንዴት እንደሚያያዝ እሳቸውን የሚያህል አስረጂ የለም። ታግሦ የሰማ አስተማሪ የተማሪውን ስሕተት ብቻ ሳይሆን ሐሳቡንም ያገኛል፤ ሳይፈራ የተናገረ ተማሪም ሲታረም ይቀበላል። የቤት አባወራም ከዚህ ትምህርት ይውሰድ። የተሳሳተ ግሥ ነገም ይታረማል፤ ተቋርጦ የቀረ ነገር ግን ባለቤቱ ይዞት ሌላ ቤት ይገባል።

እሑድ እሑድ ስልኩ ይጮኻል። ልጅቷ አውርታ ስትጨርስ «አራት ነጥብ፣ አባዬ! አሁን ተናገር» ብላ ትቀልድባቸዋለች። እሳቸውም ይስቃሉ፤ ግን ያቺን ቃል እንዳትመጣ ይፈሯታል። ከዚያች ቃል ወዲያ ብዙም ሳይቆይ ስልኩ ይዘጋል፤ ቤቱም ዝም ይላል።