ቤኖይ ከማዕድ የሚነሡበት ምክንያት

አሮጊቷ ሴፓ ዓሣ ገዝተው ከባሕሩ ዳር ሲመለሱ፣ የልጅ ልጃቸው ዴልያ ከሕዝብ ማመላለሻው ጂፕኒ ስትወርድ መንገድ ላይ ተገናኙ። ልባቸው ዘለለ። ለወትሮውም ልባቸው ምክንያት አይቸግረውም፤ ልጅቷ ካሳለች ሳንባዋን፣ ከዘገየች መኪናውን ይጠረጥራሉ።

«ከኢሎይሎ ከተማ ነው? ለነርስነት ተመዘገብሽልኝ?»

«አይ፣ ሎላ» አለች አያቷን። «ሥነ ጽሑፍና ሥነ ልቦና ነው መማር የምፈልገው። ያለ እርስዎ ፈቃድ ግን አልፈርምም ብዬ መጣሁ።»

«ተረት ማንበብ ደግሞ ምን ትምህርት ነው? ነርስ የትም ብትሄድ ጾሟን አታድርም! የሰው ልብ እንደሆነ እኔም ዕድሜ ልኬን ከሰው ጋር ኖሬ አውቀዋለሁ።»

«እንግዲያው ሎሎ ቤኖይ ምሳቸውን ሳይጨርሱ ለምን ይነሣሉ?»

ጥያቄው የሴፓን ቁስል ነካ። ልጅቷ ሎሎ፣ አያቴ፣ የምትላቸው ጎረቤታቸው ቤኖይ እሁድ እሁድ እሳቸው ዘንድ ይበላሉ፤ ግን መሐል ላይ ብድግ ብለው ይወጣሉ። በአገሩ ልማድ፣ ሰው ከማዕድ ተነሥቶ ሲሄድ መንገዱ ክፉ እንዳያገኘው የቀሩት ሳህናቸውን ያዞራሉ። የሴፓ ቤት ሳህን እሁድ በመጣ ቁጥር ሲዞር ኖረ።

«ንቀት ነዋ! ከእንግዲህ አልጠራቸውም።»

«ልጃቸው ሮዴል ባሕር ላይ የቀረ ቀን ምን ሆኖ ነበር?»

«ተጣልተው ነበር። ልጁ ምሳውን ትቶ ወደ ጀልባው ሲሮጥ፣ አባትየው ተቆጥተው ሳህናቸውን አላዞሩም። ይህን የማያውቅ አለ?»

«ሁሉም ያውቃል፤ ከእሁዱ ጋር ያገናኘው ግን የለም። ሰው ከማዕድ ሲነሣ ማየት ስለሚያስፈራቸው ይሆናል ቀድመው የሚነሡት።»

«ይሄን ማን ነገረሽ?»

«ማንም። ትምህርት ቤት ያነበብነው ታሪክ ውስጥ በር ሲዘጋ የምትጮህ እናት ነበረች። እኛ ስንስቅ መምህራችን ‹ከዚያ በፊት የትኛው በር ተዘግቶባት ይሆን?› አለችን። ከዚያ ወዲህ ያስቀየመኝን ሰው ሁሉ በዚያ ጥያቄ አየዋለሁ። እሁድ ማንም ሳይነሣ እንሞክረው። ከተሳሳትኩ ነርስ እሆናለሁ።»

«እንኪያስ መርፌ መያዝ ከአሁኑ ተለማመጂ!»

እሁድ ሴፓ ውሃውንም፣ ጨውንም፣ የሩዙን ድስትም፣ ማንም ለማምጣት እንዳይነሣ፣ ገበታው ላይ ደረደሩ።

«ወንድሜ ቤኖይ፣ እርስዎ ሳይጨርሱ ዛሬ ከዚህ ቤት የሚነሣ የለም። ቤቱ ቢቃጠል እንኳ ከነሳህናችን እንቃጠላለን!»

ቤኖይ ሊነሡ ጠረጴዛውን የተደገፈው እጃቸው ቆመ። ሁሉንም በየተራ አዩ። ከዚያ ቀስ ብለው ተደላድለው ተቀመጡና ሳህናቸውን ጨረሱ፤ ሾርባም አስጨመሩ።

«ጨው ያንሰዋል።»

«እሰይ! ዛሬ ገና ቀመሱታ!»

«ሮዴልም ‹ጨው ያንሰዋል› ይለኝ ነበር» አሉ ቤኖይ። ልጁ ከሞተ ወዲህ ያ ስም ከአፋቸው ሲወጣ የሰማ አልነበረም።

ሴፓ እንባቸውን ጠርገው ወደ ልጅቷ ዞሩ። «ሂጂ፣ ፈርሚ» አሉ።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባላል። ነርስ የሚታየውን ቁስል ታጥባለች፤ የተባረከ ሥራ ነው። የማይታየውን ቁስል ግን ሰው ‹ሆድ ይፍጀው› ብሎ ይዞት ይኖራል፤ ጎረቤቱም ንቀት ይለዋል። ሥነ ጽሑፍ ገብተን ወደማናውቀው ቤት ያስገባናል፤ ሥነ ልቦና ያ በር ለምን እንደተዘጋ ይጠይቃል። ሁለቱን የተማሩ ልጆች ያሉት መንደር ለፍርድ አይቸኩልም፤ ሽማግሌዎቹም ብቻቸውን አይበሉም።

ዴልያ በምትሄድበት ጠዋት፣ ቤኖይም አብረው በነበሩበት ቁርስ መሐል የጂፕኒው ጡሩምባ ጮኸና ብድግ አለች። ሴፓ «ሹራብሽን ይዘሻል? መስኮት አጠገብ እንዳትቀመጪ!» እያሉ ሲዋከቡ፣ ከሁሉም ቀድሞ የዞረው የቤኖይ ሳህን ነበር።