የተቆረጠው ጓጉንቸርና ደጅ የቆመው ሰው

ምስክር፦ ለአካለ መጠን ያልደረሰች በመሆኗ በሰፈር ስሟ «ፉጨት» ተብላ የተመዘገበች
ዕድሜ፦ 16
ሥራ፦ ተማሪ
አድራሻ፦ ከወላጆቿ ጋር፣ ከብየዳ ቤቱ በላይ
ቃሉ የተሰጠበት ቀን፦ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ እናቷ በተገኙበት
ጉዳዩ፦ የመሰብሰቢያ አዳራሽ ሰብሮ በመግባት ስለተጠረጠረ በያጅ

የተጠርጣሪው ልጅ ነኝ። ማንም ሳያስገድደኝ፣ እንዲያውም እናቴ «አፍሽን ሰብስቢ» እያለችኝ፣ የሚከተለውን ቃል ሰጥቻለሁ።

አባቴ ቀድሞ ይጠጣ ነበር። መጠጥ እንደ ውሃ እያሳሳቀ ወስዶት ብየዳ ቤቱ ሊዘጋ ጥቂት ሲቀረው፣ ጤና ጣቢያው ግድግዳ ላይ «መጠጥ ማቆም ለምትፈልጉ፣ ቀድመዋችሁ ያቆሙ ሰዎች ይጠብቋችኋል» የሚል ማስታወቂያ ያየሁት እኔ ነኝ። ወደ ስብሰባው የወሰድኩትም እኔው ነኝ። በመጀመሪያው ቀን ክፍል ተሳስተን፣ የአንድ ሕንፃ ነዋሪዎች በውሃ ፓምፕ በሚጨቃጨቁበት መሀል ገብተን ተቀመጥን። አባቴ ተነሥቶ «እኔ ጠጪ ነኝ፤ ብቻዬን ማቆም አቅቶኛል» ሲል ሰብሳቢዋ «እሱ በልዩ ልዩ ጉዳዮች ሥር ይታያል» አሉት። ትክክለኛው ክፍል ጎኑ ያለው አዳራሽ ነበር። ከዚያ ወዲህ አባቴ ከስብሰባ ቀርቶ አያውቅም፤ አልጠጣምም።

ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባላል፤ እዚያ ክፍል ግን ሆድ ያባውን ሻይ ያወጣዋል። ቤተሰብ በሩ አጠገብ መቀመጥ ስለሚፈቀድለት ብዙ ሰምቻለሁ። ሆኖም እዚያ ማን እንደመጣና ምን እንደተባለ ውጭ አይወራም የሚል ደንብ ስላላቸው፣ ለፖሊስም አልናገርም።

ድርጊቱ በተፈጸመበት ማክሰኞ ወደ አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ አዳራሹ ጋ ስንደርስ፣ በሩ በጓጉንቸር ተቆልፎ አባላቱ ደጅ ቆመው አገኘናቸው። ቁልፉን የሚይዙት «ጋሽ ደንብ» የምንላቸው ጡረታ የወጡ ርእሰ መምህር ናቸው። እርሳቸውም አርፍዶ በመጣ ሰው ላይ ረጅም ንግግር ማድረግ የሚወዱ ሲሆኑ፣ በዕለቱ ቁልፉን ከከተማው ወዲያኛው ጫፍ፣ ቤታቸው በተሰቀለው ሌላኛው ኮት ኪስ ውስጥ ረስተውት መጥተዋል።

ከአባላቱ ፈንጠር ብሎ ከዚያ በፊት እዚያ ያላየሁት ሰው ቆሞ ነበር። እጆቹ ስለሚንቀጠቀጡ ኪሱ ከትቷቸዋል። የተቆለፈውን በር አየ፤ ከመንገዱ ማዶ ያለውን መጠጥ ቤት አየ። ጋሽ ደንብ «እዚሁ ቆመን እንሰብሰብ» ሲሉ፣ ሰውዬው «መንገድ ላይ? ሰፈር ሁሉ እያየኝ? በቃ ሌላ ቀን እመጣለሁ» አለ። «ሌላ ቀን» ማለት ምን ማለት እንደሆነ በእኛ ቤት በደንብ ይታወቃል። አባቴ ክንዱን ያዘና «ወንድሜ፣ ሻይ እስኪፈላ ብቻ ታገሠኝ» አለው።

ብየዳ ቤታችን ቅርብ ስለሆነ ሮጬ ብረት መቁረጫ ማሽኑንና ረጅሙን ኤክስቴንሽን አመጣሁ። ቸግሮ የነበረው ሶኬት ነው። ገመዱ የሚደርስበት ያው መጠጥ ቤት ብቻ ሲሆን፣ ከቆሙት ትልልቅ ሰዎች መካከል እዚያ ቢገባ የሚታመን አልተገኘም። ጋሽ ደንብ «እኔ ጠንካራ ነኝ፣ ልግባ» ሲሉ ልብስ ሰፊዋ እትዬ «ጋሼ፣ ያኔም ስልክ ቻርጅ ላድርግ ብለው ገብተው በሦስተኛው ቀን አይደል የወጡት?» አሏቸው። ይህ የተባለው ክፍሉ ውስጥ ሳይሆን መንገድ ላይ ስለሆነ፣ መናገሬን ደንቡ አይከለክልም።

በመጨረሻ፣ መጠጥ ቤት እንድገባ ሕግ የማይፈቅድልኝ እኔ ገባሁ። ባለቤቱ ገመዱን በዓይናቸው እስከ ማዶ ተከትለው «ደንበኞቼን የወሰዱት አንሶ አሁን ደግሞ መብራቴን?» አሉ። እየሳቁ ግን ሰኩልኝ።

አባቴ የቆረጠው ጓጉንቸሩን ነው፤ በሩን አልነካም። ሻዩ ፈላ፣ ሰውዬው ገብቶ ተቀመጠ። ስብሰባው ተጠናቆ ሁሉም ከሄዱ በኋላ፣ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንደሚባለው፣ የጎረቤት ሕንፃ ጥበቃ «ሰካራሞች አዳራሽ ሰበሩ» ብሎ ለፖሊስ ጠቁሟል። ፖሊስ ሲደርስ አባቴ አዲስ ጓጉንቸር እየገጠመ ነበር። ከማን ጋር እንደነበረ ሲጠየቅ ደንቡን አክብሮ ዝም በማለቱ ተይዟል። ጋሽ ደንብ በስልክ ሲጠየቁ ደግሞ ገመናውን የሸፈኑለት መስሏቸው «እንዲህ ያለ ሰው አላውቅም» ብለዋል። እንዲህ አድርገው ጠብቀውት አሳስረውታል።

መርማሪው ለማን ሲባል በሩ እንደተከፈተ፣ ያ ሰው ማን እንደሆነ ጠይቀውኛል። እርሱ ቀርቦ ከመሰከረ አባቴ ሊፈታ እንደሚችልም አስረድተውኛል። ሰውዬውን አውቀዋለሁ፤ ስሙን ግን አልናገርም። እናቴም እዚህ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ «ልጄ ልክ ናት» ብላለች።

ሆኖም ወደዚህ ስገባ አባላቱ በሙሉ ኮሪደሩ ላይ ተሰልፈው አይቻለሁ። ጋሽ ደንብ ያንን ኮት ለብሰው፣ ከእንግዲህ ምንም የማይከፍተውን ቁልፍ ይዘው መጥተዋል። በአግዳሚ ወንበሩ ጫፍ ደግሞ ማንም ያልጠራው አንድ ሰው ተራውን ይጠብቃል። እጆቹ አሁንም ይንቀጠቀጣሉ፤ ኪሱ ግን አልከተታቸውም። ስሙን ከፈለጋችሁ እርሱን ጠይቁት።

ቃሌ ተነቦልኛል። ስለ ጋሽ ደንብ የተናገርኩት እንዲሰረዝ እናቴ ብትጠይቅም፣ እውነት በመሆኑ እንዳለ እንዲቆይ አድርጌ ፈርሜያለሁ።

የምስክሯ ፊርማ፦ ተፈርሟል
የእናት ፊርማ፦ ተፈርሟል
ቃሉን የተቀበለው መርማሪ ፊርማ፦ ተፈርሟል