ሕመምን መቻልና ሕመምን መናገር

አዋላጇ የአዳር ተራዋን ጨርሳ የምትኖርበትን ፎቅ ደረጃ ስትወጣ ዓይኖቿ የሚከፈቱት በግድ ነበር። ከአልጋዋ በቀር ምንም አላማራትም። ሁለተኛው ፎቅ ላይ ግን መንገዱ ተዘግቶ አገኘችው። የልብስ ሰፊው ጎረቤቷ ሚስት፣ የሰባት ወር ነፍሰ ጡር፣ ሆዷን አቅፋ ደረጃው ላይ ተቀምጣለች። አማቷ ደግሞ እርጥብ ልብስ የሞላ ሳፋ ታቅፈው ከአጠገቧ ቆመዋል።

«እንደምን አደሩ እማማ? ምን ሆና ነው?»

«ምንም አልሆነችም ልጄ፣ ቁርጠት ነው። ልብስ ልናሰጣ ስንወጣ ያዛት። ሆዷን በዘይት አሸት ሳደርግላት ይለቃታል። አንቺ ግቢና ተኚ፤ ፊትሽ እኮ አመድ መስሏል።»

እውነቱን ለመናገር አዋላጇ ይህን ስትሰማ ቅልል አላት፤ አንድ ደረጃም ወጣች። ዳሩ ግን የነፍሰ ጡሯን የደረቀ ከንፈርና የግንባሯን ላብ አይታ ማለፍ አልቻለችም። ተመልሳ አጠገቧ ቁጭ አለች።

«መጣ ሄድ ይላል ወይስ ጭራሽ አይለቅሽም?»

«አይለቀኝም። እንደጨመደደኝ ነው።»

«ደም አይተሻል?»

ነፍሰ ጡሯ አማቷን ሰረቅ አድርጋ አየችና አቀረቀረች። «ጠዋት… ትንሽ።»

«ልጁስ ይንቀሳቀሳል?»

«ማታ ነበር። ዛሬ እንጃ።»

አዋላጇ መዳፏን ሆዷ ላይ አሳረፈች። ሆዷ እንደ ጣውላ ደርቋል።

«እማማ፣ ማሸት የሚባል ነገር እንዳይሞክሩ። አሁኑኑ ሐኪም ቤት እንሂድ።»

«ኧረ በፈጣሪ! እኔ ሰባት ወልጃለሁ። በቆረጠኝ ቁጥር ሐኪም ቤት ብሮጥ ኖሮ ቤቴን ማን ይይዝልኝ ነበር?»

«እውነትዎን ነው፤ ሁሉም ቁርጠት አያስሮጥም። ሆድ ሲለጠጥ ይወጋል፣ ድርቀትም ያማል። እንዲያ ሲሆን ውሃ ጠጥታ በጎኗ ጋደም ስትል ይተዋታል። የማይለቅ ሕመም፣ ደም፣ የሽርት ውሃ መፍሰስ፣ ትኩሳት፣ ብርቱ ራስ ምታት፣ የልጁ ዝም ማለት ግን ሌላ ነው። ከእነዚህ አንዱ ከታየ እቤት ቁጭ ብሎ መጠበቅ የለም።»

«ሄደን ምንም የለባትም ቢሉንስ? መሳቂያ ልንሆን?»

«ቢሉን ደስ ብሎን እንመለሳለን። እኔ ስንቷን ምንም የለብሽም ብዬ ሸኝቻለሁ፤ አንዷም ላይ ስቄ አላውቅም። እኔን የምታደክመኝ እሷ አይደለችም እማማ። የምታደክመኝ ዘግይታ የምትመጣው ናት። ሌሊቱን አንዷን…» ነፍሰ ጡሯ ትሰማለች ብላ ቃሉን ዋጠችው።

አማትየው የአዋላጇን ፊት ትክ ብለው አዩ። ከዚያ ሳፋውን መሬት አስቀመጡ።

«በይ ክንዷን ያዥ። በዚህ በኩል እኔ እደግፋታለሁ።»

ታክሲው ውስጥ በግራ ጎኗ አስተኟት። አዋላጇ ምንም እንዳትቀምስ ነግራ፣ ማዋለጃ ክፍሉ እንዲዘጋጅ ስልክ ደወለች። እንደደረሱ ሐኪሙ እንግዴ ልጁ ከቦታው መላቀቅ መጀመሩን አይቶ ወዲያው ወደ ቀዶ ሕክምና አስገባት። ብዙ ደም ፈስሷት ነበር፤ ባሏም ከሥራው ሮጦ መጥቶ ደም ሰጠ። እኩለ ቀን ላይ እናትም ተረፈች፣ እፍኝ የማትሞላ ሴት ልጅም ማሞቂያ ውስጥ ገባች።

ሁለቱ ሴቶች ኮሪደሩ አግዳሚ ላይ ዝልፍልፍ ብለው ተቀምጠዋል።

«ሰባት ወልጃለሁ አልኩሽ አይደል?» አሉ አማትየው። «ያሳደግሁት ስድስት ነው። አራተኛዋ እንዲሁ ጨምድዶኝ ውሎ ሞታ ቀረች። ቻይው አሉኝ፣ ቻልኩት። ጎበዝ ተባልኩ።»

አዋላጇ ወደ እሳቸው ዞረች። «ያኔ የሚጠይቅዎት ሰው አልነበረም። ጥፋቱ የእርስዎ አይደለም።»

«የያኔው የእኔ አይደለም። ምራቴ ግን ደሙን የደበቀችው እኔን ፈርታ ነው፤ ይሄ የእኔ ነው። ከእንግዲህ ቻይው የሚል ቃል ከአፌ አይወጣም።»

መቻል ሙያ ሆኖ በኖረበት ቤት ይህ ቀላል ቃል አልነበረም። ያመማት ሴት ሳትፈራ የምትናገርበት ቤት ካላት ሐኪሙም በጊዜ ይደርሳል፣ እናትም ልጅም ይተርፋሉ። ሌላው ሁሉ ከዚያ በኋላ የሚመጣ ነው።

ነርሷ በሩን ከፈተች። «እማማ፣ የልጅ ልጅዎን ይምጡና ይዩ።»

አሮጊቷ ግድግዳውን ተደግፈው ተነሡ።

«ቆይ፣ መጀመሪያ ልጄን ልያት» አሉና ወደ ምራታቸው ክፍል አቀኑ።